ቁጥር አምስት ላይ የቀረው የወንድሜ እጅ

እሁድ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ስለማውቅ እሁዱን ላሳምረው ይቃጣኛል፤ ግን እንደ ማንኛውም እሁድ ነበር። እማዬ ከቅዳሴ ተመልሳ፣ ቅዳሜ አጥባው ያልደረቀላትን ልብስ ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ መልሳ ሰቀለችው። ክረምት ስለነበር አንድ ልብስ ለመድረቅ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል። እኔና ታላቅ ወንድሜ ካሳሁን ምሳችንን በልተን ኪቦርዱ ፊት ተቀመጥን።

ያኔ የምንኖረው ቃሊቲ፣ ከወንዙ ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እኔ ሕፃን ሳለሁ ሞቷል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ውጤቴን እጠብቃለሁ። ካሱ ከወንዙ ማዶ ባለ አንድ የክር ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነበር። የሰርግ ወራት ሲሆን ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ኪቦርዱን ተሸክሞ ሰርግ ይጫወታል። ኪቦርዱ አሮጌ ነው። ብዙ እጅ ያለፈበት፣ ቁልፎቹ ቢጫ የሆኑ። እሱ ግን ፈቶ፣ ጠርጎ፣ በይዶ በይዶ እንደ አዲስ አድርጎት ነበር።

ስለዚህ ኪቦርድ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ኪቦርዱ የተጫወቱበትን ይይዛል። ከአንድ እስከ አምስት የተጻፈባቸው ትንንሽ ቁልፎች አሉት፤ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ ዘፈን ይቀመጣል። ድምፅ አይቀዳም። የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተነካና ምን ያህል እንደተያዘ ነው የሚይዘው። ካሱ "ውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር ነው" ይለኝ ነበር።

"ግን ሜሞሪው በመብራት ነው የሚኖረው። መብራት ከሌለ የባትሪ ድንጋይ ይፈልጋል። ድንጋዩን ስትቀይር ደግሞ ሶኬቱ ላይ መሆን አለበት። ሁለቱንም አንድ ላይ ካጣ ሁሉንም ይረሳል። መልሰህ ስታበራው ያው ኪቦርድ ነው፤ ግን አያውቅህም።"

ይህን ሲል ይስቅ ነበር። "አያውቅህም" የሚለውን ሆን ብሎ ቀስ አድርጎ ነው የሚላት፣ እኔን ለማስፈራራት።

ከኪቦርዱ ሆድ ስር ስድስት ትላልቅ ባትሪ ድንጋዮች ይገባሉ። ቃሊቲ በክረምት መብራት ምን እንደሚመስል የኖራችሁበት ታውቁታላችሁ። በየረር ተራራ በኩል ሰማዩ አንዴ ካጉረመረመ መብራቱ ይሄዳል። ስለዚህ ካሱ ድንጋዮቹን በየሳምንቱ እያወጣ ይፈትሻቸው ነበር። ከማውጣቱ በፊት ሁልጊዜ ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ያያል።

ያን እሁድ ቁጥር አምስት ባዶ ነበር።

"ና፣ እዚህች ላይ ሁለታችንም እንግባባት" አለኝ።

"እኔ ምን እችላለሁ?"

"ግራ እጁን አንተ፣ ቀኙን እኔ። ግራው ሦስት ቦታ ብቻ ነው የሚረግጠው። ሦስት መቁጠር አቅቶህ ነው እንዴ አሥራ ሁለተኛን የጨረስከው?"

"ገና መች ውጤት መጣ።"

"እሱን ተወው አቦ። አሁን ቁጠር።"

ራሱ የሠራት ቀስ ያለች ዜማ ነበረች፤ ስም አላወጣላትም። ከሰዓቱን ሙሉ ተለማመድን። እኔ እስኪገባኝ ደጋገመልኝ፣ አልተቆጣም። ከዚያ መቅጃውን ተጫነውና ጀመርን። መሀል ላይ ተሳሳትኩ። በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ "ቀጥል፣ አትቁም" አለኝ በሹክሹክታ፤ ማሽኑ ድምፅ እንደማይቀዳ እያወቀ። ትንሽ እንደሄድን እማዬ ከግቢ ተጣራች።

"ካሳሁን፣ ልብሱን አስገባልኝ፣ ዝናቡ ሊጥል ነው።"

መቅጃውን ሳያቆም ብድግ ብሎ ወጣ። እኔም እጄን አነሳሁ። የኪቦርዱ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ እያለች ባዶውን ትቆጥራለች። ልብሱን ታቅፎ ገባ፣ አልጋ ላይ ወረወረው፣ ቁጭ ብሎ ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆመበት ቀጠለ። እኔም ተከተልኩት።

ስንጨርስ "መሀሉ የተቀደደ ዘፈን" አልኩት።

"ነገ ማታ እንሰፋዋለን። ለጊዜው ይቀመጥ።"

መልሰን እንኳ አላዳመጥነውም።

ሰኞ ማታ አልመጣም።

እኛ ሰፈር ያን ቀን ዝናብ ጠብ አላለም። ፀሐይ ነበር። ዝናቡ የጣለው ላይ፣ ከተማው ላይ ነው። ወንዙ ግን የላዩን ዝናብ ይዞ ወደ እኛ ይወርዳል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ውኃው ጠቁሮ ይመጣል። ከፋብሪካው የሚወጡ ሠራተኞች በድልድዩ ዞሮ መሄድ ሲሰለቻቸው በድንጋዮቹ ላይ እየረገጡ ይሻገራሉ። ካሱም እንዲሁ። አብሮት የሚሠራ አንድ ሰው አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ በራችን ላይ መጥቶ ቆመ።

"ገብቷል እንዴ?" አለኝ።

"አልገባም።"

"ወደ ድንጋዮቹ ሲወርድ አይቼዋለሁ" አለኝ። ቆይቶ ደግሞ "ሲወጣ ግን አላየሁትም" አለ።

ሰፈሩ ወጣ። ፊት የሄዱት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደበላ ናቸው። ፋብሪካዎቹ ሳይመጡ በፊት ቤተሰባቸው እዚያው ወንዙ ዳር ያርስ ስለነበር፣ ውኃው የያዘውን የት እንደሚጥል ያውቃሉ። ጀምበሯ እየጠለቀች ነበር። "የእጅ ባትሪ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ" አሉ። ሁለት ተገኘ፤ ሁለቱም ባዶ። የሱቁ ሰው ትልቁ ድንጋይ አልቆብኛል አለ።

ያኔ የኪቦርዱ ድንጋይ ትዝ አለኝ። ሮጬ ገባሁ። ገለበጥኩት። ጎንበስ ብዬ ሶኬቱን አየሁ። ተሰክቷል፤ ቀይዋ መብራት በርታለች። ስድስቱንም አውጥቼ ሮጥኩ። ልክ እሱ እንዳስተማረኝ ነው ያደረግኩት። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ለራሴ ነው መሰለኝ።

አላገኘነውም። አንደኛው የእጅ ባትሪ ከአንድ ሰው እጅ አምልጦ ውኃ ውስጥ ገባ። ስር ወርዶም ትንሽ ያበራ ነበር፤ ቢጫ ብርሃን ከጭቃው ውኃ ስር ወደ ታች ሲንሸራተት ሁላችንም ቆመን አየነው። ሌላኛው እየቀላ እየቀላ ሄዶ ጠፋ።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ደበላ ባሉት መታጠፊያ ላይ ተገኘ። ከሰዓት ቀበርነው። ስለ ማክሰኞ ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም፤ ሞክሬ ነበር።

ልነግራችሁ የተነሳሁት የረቡዕን ነገር ነው።

ረቡዕ ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ሞልቶ ነበር። ከሳሪስ፣ ከአቃቂ፣ የጋሽ ደበላ ዘመዶች ደግሞ ከኮዬ ገጠር ድረስ መጡ። እማዬ በውስጠኛው ክፍል ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ሬዲዮናችንን ጎረቤት ወስዶታል፤ ለቅሶ ቤት ሙዚቃ አይከፈትም፣ የሚያሰማ ዕቃም ዓይን ፊት አይቀመጥም። ኪቦርዱን ግን ከጥግ ማንም አላነሳውም። የእናቴ እህት አክስቴ ብርቄ ነጠላ ጣል አድርጋበት ነበር። ቀይዋ መብራት በነጠላው ውስጥ አልፋ ትታያለች።

መብራቱ ደከም ብሎ በረታ ባለ ቁጥር ኪቦርዱ በድምፅ ማጉያው "ዱም" ይላል። ቀስ ያለ፣ ከግድግዳ ጀርባ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ነው። ድሮም እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ማንም ልብ አይለውም። ረቡዕ ግን "ዱም" ባለ ቁጥር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ዝም ይላሉ።

"ይቺን ነገር አውጡልኝ" አለች አክስቴ። "ሌሊቱን ሙሉ በቀይ ዓይኗ ስታየኝ ነው ያደረችው።"

"መብራት ነች አክስቴ።"

"መብራትስ ትሁን። ሰው በሞተበት ቤት ለምን ትበራለች?"

ያኔ ነው ሁለት የእድር ሰዎች ገመድ እየጎተቱ የገቡት። ቤታችን ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው።

"ይልማ፣ ድንኳኑ ጨለመብን፣ አምፖል ልናስገባ ነው" አለ አንዱ። እጁን ወደ ሶኬቱ ሰደደ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ክንዱን ያዝኩት።

"አይነቀልም።"

"ለምን?"

"አይነቀልም አልኩህ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ሐዘን ያናወጠው ሰው እንደሚታየው ነው ያየኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩን እኔም በቅጡ አላሰብኩትም ነበር፤ እጁ ወደ ሶኬቱ ሲሄድ ነው የገባኝ። ድንጋዮቹ የሉም። አንዱ ሦስት ወንዝ ውስጥ ነው፣ ሌላው ሦስት ባዶ ሆኗል። ቁጥር አምስት የተንጠለጠለው በዚያች አንዲት ሽቦ ብቻ ነው። በሩ ላይ ሆኜ ወደ የረር አየሁ። ደመናው እየጠቆረ ነበር።

ጋሽ ደበላ ጫጫታውን ሰምተው ገቡ። ሰዎቹን "ከጎረቤት ሳቡ" ብለው አስወጧቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን ሆንክ ልጄ?"

ነገርኳቸው። ያጋነንኩት ነገር የለም፤ እየተንተባተብኩ፣ የኋላውን ፊት እያስቀደምኩ ነገርኳቸው። መብራት ከሄደ እሁድ ካሱ የተጫወተው እንደሚጠፋ፣ ድንጋይ እንደሚያስፈልግ፣ ድንጋዩን ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ።

"ድምፁ አለ በለኛ።"

"ድምፁ አይደለም ጋሼ። እጁ ነው። እጁ የነካው።"

ለረጅም ጊዜ ነጠላውን አዩት።

"የእኔ ሬዲዮ አራት ትልልቅ ድንጋይ አለው" አሉ በመጨረሻ። "አሮጌ ነው፤ ያዘው። ዜናው ለጊዜው ይቅርብኝ። አዲሱን ሳሪስ ሄጄ አመጣልሃለሁ።"

"እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ... እኔ ልሂድ።"

"አንተ ከዚህ ንቅንቅ አትልም። ሰው ወንድምህን ብሎ ከስንት ቦታ መጥቶ አንተን ሲያጣ ምን ይላል? እኔን ማንም አይፈልገኝም።"

አራቱን ድንጋይ ይዘውልኝ መጡና ካፖርታቸውን ለብሰው ሄዱ። ኪቦርዱን በጎኑ አጋደምኩት። ስድስቱ ተያይዘው ካልገቡ አይሠራም። ካሱ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ሲጎድለው በባዶው ቦታ የታጠፈ ሽቦ ሲያስገባ አይቻለሁ፤ እኔም እንደዚያው አደረግኩ። አራቱ አሮጌ ናቸው፤ ይያዙ አይያዙ አላውቅም። ልሞክረው ደግሞ አልችልም። ለመሞከር ሶኬቱን መንቀል አለብኝ፤ ነቅዬው ካልያዙ ያው አለቀ።

መልሼ ነጠላውን ስጥልበት እማዬ ታየኝ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ከለቅሶ በቀር ቃል አልወጣትም።

"ምንድን ነው የምትጠብቀው?" አለችኝ።

ልዋሻት አስቤ ነበር። አልቻልኩም። "ካሱ የተጫወተው አለ ውስጡ። እሁድ ዕለት የተጫወተው" አልኳት።

"አሰማኝ።"

"እማዬ፣ ሰው አለ። ለቅሶ ቤት..."

"ጆሮው ላይ የሚያደርገው ነገር የለም እንዴ? እኔን ላለመቀስቀስ የሚያደርገው።"

ረስቼው ነበር። የጆሮ ማዳመጫው ኪቦርዱ ሽፋን ውስጥ ነው ያለው።

"ጋሽ ደበላ እስኪመለሱ እንጠብቅ። አዲስ ድንጋይ ሊያመጡ ሄደዋል።"

"ሰማዩን አታየውም?"

ሰማዩን አየዋለሁ። ግን ደግሞ የማውቀው ነገር ነበር፤ እሷ የማታውቀው። ካሱ ነግሮኛል፤ ሜሞሪው ለመያዝ ብቻ ከሆነ ትንሽ ነው የሚበቃው፣ ሲጫወት ግን ድንጋይ ይበላል። ኪቦርዱ ሳይከፈት ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ መብራቱ ቢሄድም እነዚያ አራት አሮጌ ድንጋዮች ምናልባት ጋሽ ደበላ እስኪመጡ ይይዙት ነበር። ተከፍቶ እየተጫወተ መብራት ከሄደ አይችሉትም። የከፈትኩት ይህን አውቄ ነው። እናቴ ግን እጇን ዘርግታለች።

አክስቴን "ማንንም እንዳታስገቢ" አልኳት። ምንም ሳትጠይቀኝ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች፤ ለቀስተኛው ወደ ውስጥ እንዳያይ ነጠላዋን ዘረጋችው። የጆሮ ማዳመጫውን በእማዬ ጥቁር ሻሽ ላይ አጠለቅኩላት። ኪቦርዱን ከፈትኩ። ቁጥር አምስትን ተጫንኩ።

እኔ ምንም አልሰማም። ማዳመጫው አንድ ነው። ቁልፎቹም አይንቀሳቀሱም። ከቁልፎቹ በላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ቁጥር ይሄዳል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ውጪ ለቀስተኛው በለሆሳስ ያወራል። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች።

"ይሄ ቀጭኑ እሱ ነው" አለች።

"አዎ።"

"ወፍራሙስ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

ትንሽ ቆየች። "ተሳሳትክ" አለችኝ።

"አዎ፣ ተሳስቼ ነው።"

ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። "ቆመ" አለች። በእጇ እጄን ይዛ "ይልማ፣ ቆመ" አለች። መስኮቷን አየሁ። ቁጥሩ እየሄደ ነው። ገባኝ።

"ይመለሳል እማዬ። አንቺ ጠርተሽው ነው የወጣው። ልብሱን ሊያስገባልሽ ሄዷል።"

አላመነችኝም መሰለኝ። ሁለታችንም መስኮቷን እያየን ጠበቅነው። ያን ያህል ረጅም አልነበረም፤ ልብስ ከገመድ አውርዶ እስከሚገባ ድረስ ነው። ግን ያን ጊዜ በበሩ በኩል ዘወር ብዬ እንዳየሁ አልደብቃችሁም። በሩ ላይ አክስቴ ብቻ ነበረች።

"መጣ" አለች እናቴ።

ጆሮዋ ስለተሸፈነ ድምፅዋ ከፍ ማለቱን አላወቀችም። በጣም ጮክ ብላ ነው ያለችው፣ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው በር ላይ ስታይ እንደምትለው። ውጪ ድንኳኑ በሙሉ ዝም አለ። አንድ ሕፃን ብቻ ያለቅሳል። አክስቴ ሳትዞር አማተበች።

"መጣ፣ ይሄው ነው፣ ይሄው ነው" አለች። ጣቶቿ ጭኗ ላይ ይንቀሳቀሳሉ።

ያኔ የረር በኩል አጉረመረመ፤ መብራቱ ሄደ።

ቀይዋ መብራት ወዲያው አልጠፋችም። ደከመች። አራቱ ድንጋዮች ይዘው ነበር፤ ሦስት፣ ምናልባት አራት ሰከንድ ያህል ያዙ። እጄን ወደ መዝጊያው ሰደድኩ። ብዘጋው ሜሞሪው ሊተርፍ ይችል ነበር። ግን ብዘጋው በጆሮዋ ላይ ነው የምዘጋው። እጄ መዝጊያው ላይ እንዳለ ቀይዋ ወደ ቡናማ ሄደች፤ የመስኮቷ ቁጥሮች እንደ ጉም ሳሱና ሄዱ። ቀን ስለነበር ቤቱ ውስጥ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። አምፖሉም ቀድሞ አልበራም ነበር።

"ቆመ" አለች እናቴ።

እጄን ከመዝጊያው ላይ አነሳሁ።

"አሁንስ ይመለሳል?"

እስከ ዛሬ ለዚያ ጥያቄ ሌላ መልስ እፈልጋለሁ። ያኔ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው።

"አይመለስም እማዬ። ጨረሰ።"

ማዳመጫውን ራሷ አወለቀችው። "በደህና ጨረሰ" አለች። ከዚያ ጎኗን ምንጣፉ ላይ አሳርፋ ተኛች። ከሰኞ ወዲህ እንቅልፍ ሲወስዳት የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

ዝናቡ ካበቃ በኋላ ጋሽ ደበላ ገቡ። ከባርኔጣቸው ውኃ ይንጠባጠባል። ስድስት አዲስ ድንጋይ በፌስታል ጠቅልለው፣ ካፖርታቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ ይዘውት ነው የመጡት፤ ፌስታሉ ደረቅ ነበር።

"ደረስኩ?" አሉኝ።

"ደርሰዋል ጋሼ" አልኳቸው።

ሁለተኛው ውሸቴ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምን ትማሩበታላችሁ ብዬ እንደጻፍኩላችሁ አላውቅም። አሁን ሳሪስ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የሰው ማመልከቻ፣ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ እጽፋለሁ። አንድ ገጽ ሳልሞላ ሦስት ጊዜ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ ደግሞ በሌላ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ሰማዩ ሲያጉረመርም ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። አንድ ደንበኛ "ይሄን ያህል ለማመልከቻ?" ብሎኝ ያውቃል። ለማመልከቻም ቢሆን።

ግን የተለወጠው እሱ ብቻ አይደለም። በፊት ነገር የሚጠፋው ሰው ሳይጠነቀቅ ሲቀር ነው ብዬ አምን ነበር። እኔ ተጠንቅቄ ነበር። ድንጋዮቹን ያወጣሁት እሱን ልፈልግበት ነው። ኪቦርዱን የከፈትኩት እናቴ እንድትሰማው ነው። ሁለቱንም ዛሬ አድርግ ብትሉኝ ዛሬም አደርጋቸዋለሁ። ሳይከፈት ቢቀመጥ ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬ ይኖር ነበር። ማን ይሰማው ነበር የሚለውን ግን አላውቅም። እኔ አልሰማሁትም። በመላው ዓለም እሱን የሰማች አንዲት ሴት ነች፤ እሷም እስከ መጨረሻው አልሰማችውም፤ ሰምቻለሁ ብላ ግን ተኛች። ይህ ነው የሚከብደኝ። መጥፋቱ ሳይሆን የእኔ "ጨረሰ" ማለት።

ሐሙስ ሰልስቱ ነበር። ገና ሳይነጋጋ ነቃሁ። መብራቱ ሌሊት ተመልሷል። እማዬና አክስቴ ተኝተዋል፤ ድንኳኑ ውስጥ ማንም የለም። ሽቦውንና አሮጌዎቹን ድንጋዮች አወጣሁ። ስድስቱን አዲሶች አስገባሁ። ቁጥር አምስትን ስጫን መስኮቷ ላይ ሦስት አጭር መስመሮች ብቻ መጡ። አንድም፣ ሁለትም፣ ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ኪቦርዱ አያውቀኝም።

እማዬ ስትነቃ "እንደ ትናንቱ አሰማኝ" እንደምትለኝ አውቃለሁ። ያሰብኩትን እነግራችኋለሁ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ሁለቱንም እጅ ራሴ ተጫውቼ፣ የእሱ ነው ልላት ነበር። እሁድ ከሰዓቱን ሙሉ ጎኑ ተቀምጬ ነው የዋልኩት። የእሱ ቀኝ እጅ የት የት እንደሚሄድ አውቃለሁ።

መቅጃውን ተጫንኩ። በግራ እጄ ጀመርኩ። እሱ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ቀኝ እጄን አነሳሁ። ከቁልፎቹ በላይ ቆመ። እንዲወርድ ፈለግኩ፤ አልወረደም። ማንም አልያዘውም። ዝም ብሎ አየር ላይ ቆመ። ግራዬ ግን አላቆመችም። ብቻዋን እየረገጠች፣ የእሱን ቦታ ክፍት እየተወች እስከ መጨረሻው ሄደች። ቀኝ እጄ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው አየር ላይ ነበር።

መቅጃውን ዘጋሁት። ዘወር ስል እማዬ ተነስታ ተቀምጣለች። ምን ያህል ጊዜ እንዳየችኝ አላውቅም።

"እማዬ" አልኳት፣ "ትናንት አልጨረሰም። መብራት ሄዶ ነው የቆመው። ዋሽቼሽ ነው። የካሱ ጠፍቷል። እዚህ ያለው የእኔ ግራ እጅ ብቻ ነው።"

አልተቆጣችኝም፣ አላለቀሰችም። ፊቴን አየችው። ቆይታ ሻሿን አስተካከለችና እጇን ዘረጋች። ማዳመጫውን አጠለቅኩላት። ሶኬቱን አየሁ፤ ድንጋዮቹን በእጄ ዳሰስኳቸው። ከዚያ ቁጥር አምስትን ተጫንኩና ጎኗ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ጠበቅን። የመስኮቷ ቁጥር ሄዶ ሄዶ ሲቆም፣ እጇን ነካ አድርጌ፣

"አሁን አለቀ" አልኳት።